ሂናው የነካው ቦታ

ከጅቡቲ መጣ በቦንዳ ታጭቆ፣
ከሹራብ ከካፖርት መሐል ተደብቆ፣
ጥንድ ጫማ፣ ይኼንን ጫማ ካሉት፤
ቅርፊቱ ፕላስቲክ፣ አራት ዘለበት ያሉት።

ቦንዳ ፈቺው ኢድሪስ አገላብጦ አይቶ፣
«የበረዶ ነው» አለኝ፣ ወደ ደጄ ጎትቶ፤
«ፈረንጅ ከሳንቃ ላይ እግሩን ያስርበታል፣
ከተራራው ራስ ቁልቁል ይንሸራተታል።»
አቦ! እኛ ድሬ ላይ በረዶ የምናውቀው
በፌስታል ተቋጥሮ፣
ቤት እስኪደርስ ድረስ ግማሹን መንገድ ሲጠጣው ነው።

ከፊራ፣ ሱቄ በር፣ ሦስት ወር ተኛ፤
ጠያቂም አላየ፣ አላየም ጓደኛ።
በመጨረሻ ድመት ግራው ውስጥ ወለደች፤
ከሰው ሁሉ ቀድማ ልኳን አገኘች።

ከዚያ ዘይቱና መጣች፣
የሽንኩርት መኪና ጥሏት የተረፈች፣
በወጌሻ ታሽታ፣ በቀርከሃ ታስራ የዳነች።
አጥንቷ ገጠመ፤ ግን ጠምሞ ገጠመ፤
በረገጠች ቁጥር ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውጭ ዘመመ።
«ደግፎ የሚይዝ ጠንከር ያለ ጫማ»
ብለዋታል ሐኪም ቤት፤ ዋጋውን ስትሰማ
ወደኔ መጣች። ዓይኗ ቅርፊቱ ላይ አረፈ።
ድመቷን ከነልጆቿ ወደ ካርቶን አዛወርኩ፤
አውራ ጣቴን ጫረችኝ፤ አለፈ።

የመጀመሪያ ቀን አራቱንም ዘለበት አጠበቅሁ፤
አጥብቆ የያዘ የሚያድን መሰለኝ።
እስከ ገንደ ቆሬ ሄዳ ተመለሰች፣
ጥርሷን ነክሳ፣ ላቧ ጉንጯ ላይ፤
«ወላሂ፣ እግሬን እስር ቤት አስገባኸው» አለችኝ።

በማግስቱ ገበሩን ከቅርፊቱ ለየሁት፤
ባዶው ውስጥ አቁሜ፣ ከተረከዟ ኋላ ያለውን በጣቴ ለካሁት፤
አንድ ጣት ተኩል። ቁጥሩስ ልክ ነው።
ታዲያ ጠቡ የት ነው?
እግር ምላስ የለው፤ ሰውም «እዚህ ነው» ሲል
ሕመሙ በጎን ሾልኮ ሌላ ቤት ያድራል።

ልጇ ፈሪሃ ለዒድ ከበጠበጠችው ሂና
ጥቂት አስመጣሁና፣
ካበጠው አጥንት ጫፍ ጠብ አደረግሁበት።
«ቁሚ» አልኳት፤ ቆመች። «አውጪው»፤ አወጣች።
ከነጩ ቅርፊት ውስጥ አንዲት ቀይ ነጥብ፣
ፊደል ያልቆጠረ እግር በጣቱ የፈረመው።

እዚያች ላይ ብቻ ምድጃውን አስጠጋሁ።
ፕላስቲክ ቁጡ ነው፤ ካልቸኮሉበት ግን
እንደ ሰም ይታዘዛል።
በማንኪያ ጀርባ ከውስጥ ወደ ውጭ ገፋሁት፣
የስሙኒ ያህል ቦታ፣
የስሙኒ ያህል ምሕረት።

ገበሩን በጋለ የደቻቱ አሸዋ
በከረጢት ሞልቼ አሞቅሁት፤ ለሰለሰ።
ሩብ ሰዓት ቆመችበት፣ ግድግዳዬን ይዛ፣
እስኪቀዘቅዝ፣ መልኳን ይዞ እስኪቀር፤
ጠማማውን እንደ ጠማማነቱ።
ላቃናው ከጅዬ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር፤
ግን ሙሴ ጋራቤድ፣ መዶሻ ያስያዘኝ አርመኑ፣
«እግር አይታረምም» ይል ነበር፣ «ጫማውን ነው ማረም»።

ከሥር ሶል ቀረጽኩ ከቡሽና ከጎማ፣
በማስቲሽ ደርቤ፣ በውጭ በኩል ከፍ፣ በውስጥ ሳሳ፤
ሁለቴ በዛ፣ ሁለቴ ሞረድኩት።
ለቀኝ እግሯም ሸራ ሁለት ጣት ጎማ ለጠፍኩለት፣
ከግራው ጋር ቁመቱ እንዳይጣላ።

ኀሙስ ተጫማች። ሁለቱን ዘለበት ያዝኩ፣
ሁለቱን ላላ አድርጌ ተውኩ።
ሄደች በደቻቱ፣ በደረቁ ወንዝ፣ አሸዋው ላይ፣
ስለ ሽንኩርት ዋጋ ከአንዱ እየተጨቃጨቀች፣
እግሯን አንድ ጊዜ እንኳ ቁልቁል ሳታይ።
ሂሳቤን ረሳች፤ ደህና ዋልም አላለች፤
እኔ ግን ደስ አለኝ፣
ጫማ የተመቸው ሰው ምን ያስታውሳል?

ቅዳሜ ተመልሳ ደጄ ላይ ቆመች፣
ብሩን በእጇ ጨብጣ።
«ትንሿ ጣቴ» አለች።
ሂናው ደርቋል፤ ውሃ ጠብ አደረግሁበት።